«ታስረው ያውቃሉ?»፦ በቪዛ ቅጽ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ሰነድ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም እንጀራዬ ነው። ለአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ የሚያመለክት ደንበኛ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው አንድ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ነው።

ትልቁ ስህተት «አልተፈረደብኝም» ብሎ «አይ» ማለት ነው። ዲ ኤስ 160 የተባለው ቅጽ ስለ ፍርድ ብቻ ሳይሆን ተይዞ ስለ መታሰርም ይጠይቃል፤ በይቅርታ ወይም በምሕረት ያለቀም ይጨምራል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ብስክሌተኛ ገጭቶ ሦስት ሌሊት ጣቢያ አደረ። ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፣ መዝገቡም ተዘጋ። «ታዲያ ይህም እስር ሊባል ነው?» አለኝ። አዎን፣ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተይዞ ያለ ክስ የተለቀቀም እንዲሁ። መታሰር ብቻውን ቪዛ አያስከለክልም። ሆን ብሎ መዋሸት ግን በአሜሪካ ሕግ፣ ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር፣ ዕድሜ ልክ ሊያግድ ይችላል፤ በካናዳ ደግሞ 5 ዓመት ያሳግዳል።

ሌላው ስህተት ቅጹን ለኮምፒውተር ቤት ልጅ ትቶ መውጣት ነው። ልጁ ያ ገጽ ላይ ሲደርስ ማንንም ሳይጠይቅ «አይ፣ አይ፣ አይ» እያለ ሲወርድ አይቻለሁ፤ በግራ እጁ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ። ቅጹን የሞላው ማንም ይሁን፣ ፈርሞ የሚያስገባው አመልካቹ ራሱ ነው፤ ተጠያቂውም እሱ።

ቀኑን ሳይቀይሩ መጻፍም አለ። የሹፌሩ ወረቀት ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ይላል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 23 ቀን 2015 ማለት ነው። እሱ ግን 2008 ብሎ እንዳለ አስገብቶት ነበር። በዚያ ስሌት የተያዘው ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ባጃጅም አልነካም።

ማስረጃውን የቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ሲቀርብ መፈለግ አይበጅም። መዝገቡ እንዴት እንደተዘጋ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከጣቢያው ወይም ከፍርድ ቤቱ ቀድሞ ማውጣትና ማስተርጎም ይገባል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስብሰባ ላይ የሚሆነው ሁልጊዜ እርስዎ በሄዱበት ቀን ነው።

በመጨረሻ፣ ኤምባሲ ውስጥ ቃለ መጠይቅ በሚደረግበት መስኮት ላይ ወሬ ማብዛት። ከሹፌሩ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ተለማመድን። መጀመሪያ ከፍሬኑ ጀምሮ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ብስክሌተኛው ጠባይ ሁሉ ተረከልኝ። አስቆምኩት። በአራተኛው ሙከራ «ሰው ገጭቼ ሦስት ሌሊት ታሰርኩ፤ በዕርቅ ተዘጋ፤ ደብዳቤው ይኸው» ብሎ ዝም አለ።