ከቴሌግራማችሁ ያልጻፋችሁት መልእክት ሲወጣ

አክስቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ሱቅ አላት። ኮምቦልቻ የምትሠራው ልጇ ደወለችላት። «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው 5,000 ብር የጠየቅሽኝ?» አክስቴ ምንም አልጻፈችም። እኔ ጋ ስትመጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናንተንም እንዲህ ከገጠማችሁ አብሽሩ፤ ግን ፍጠኑ።

ምልክቱ

ዘመድ ወዳጁ «ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት በእናንተ ስም ይደርሰዋል። ቴሌግራም ሴቲንግ ገብታችሁ «ዲቫይስስ» የሚለውን ስትከፍቱ ደግሞ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ታገኛላችሁ። አክስቴ ጋ ከላይ የራሷ ሳምሰንግ ነበር፣ ከሥሩ አንድ ኮምፒውተር። እሷ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም።

ምክንያቱ

ቫይረስ አይደለም። ኮዷን ሰጥታ ነው። ያን ቀን ጠዋት የቅሬ (የእድር) ጓደኛዋ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጭልኝ» ብላ ሊንክ ላከችላት፤ ስትነካው ቴሌግራም የሚመስል ገጽ ተከፈተ፣ ስልክ ቁጥር ጠየቃት፣ ቀጥሎ የመጣላትን ባለ 5 አኃዝ ኮድ ጠየቃት፣ እሷም ድምፅ የሰጠች መስሏት ሞላችው። ጓደኛዋም እኮ አልላከችውም፤ የእሷም አካውንት ቀድሞ ተወስዷል። ሰው የሚሸወደው ለዚህ ነው። ከማያውቁት ቢመጣ ማን ይነካዋል? ኮዱን ይዞ የሚመጣው መልእክት ራሱ «ለማንም አትስጡ» ይላል፤ ግን በእንግሊዝኛ ሲሆን ብዙ እናቶቻችን ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያዩት።

መፍትሄው

ደንግጣችሁ አፑን እንዳታጠፉት። ሎግ አውትም እንዳትሉ። እዚያው «ዲቫይስስ» ውስጥ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ንኩ። ሌባው ወዲያው ይወጣል። አዲስ የገባ ሰው የቆየውን ስልክ ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ለነገ አትበሉ።

ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አለ። የይለፍ ቃል አስገቡ፣ ኢሜይላችሁንም ጨምሩበት። ከዚህ በኋላ ኮዱን ያገኘ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አይገባም። የልደት ዓመትና ስልክ ቁጥርን የይለፍ ቃል ማድረግ ግን ይቅርባችሁ። ሌባው ቀድሞ የራሱን የይለፍ ቃል አስገብቶ ከሆነ፣ ከራሳችሁ ስልክ ሪሴት ጠይቃችሁ 7 ቀን መጠበቅ ነው።

ስልኩ ራሱ መናኸሪያ ከተሰረቀስ?

በሰው ስልክ 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ፣ መታወቂያ ይዛችሁ ቴሌ ሄዳችሁ ምትክ አውጡ። ቴሌብራችሁም የቴሌግራም ኮዳችሁም የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው።

አክስቴ ሌባውን ካስወጣን በኋላ ለቅሬው ግሩፕ ጽሑፍ አልላከችም። በድምፅ ቀዳችው፦ «እኔ ነኝ፣ ድምፄን ታውቁታላችሁ፣ በስሜ ብር የተጠየቃችሁ እንዳትልኩ።» ሁለት ሰዎች ሊልኩ ሲሉ ነው የሰሙት።