ዝናብ ሳይኖር ኮርኒስ ለምን ይረጥባል? ቆርቆሮ ጣራ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ጠብ ሳይል፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ይወጣል። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ይጀምራል። ጣራው አፈሰሰ ተብሎ ሠራተኛ ይጠራል፣ ሚስማሩ ሁሉ ሲሊኮን ይቀባል፣ እድፉ ግን ይመለሳል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከውጭው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከቤት የወጣ እርጥበት ሲነካው ውሃ ይሆናል። 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር፣ 12 ዲግሪ የሆነ ነገር ሲነካ ያልባል። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል።

ለመለየት ማለዳ ባትሪ ይዛችሁ ከኮርኒሱ በላይ ተመልከቱ። በየሚስማሩ ጫፍ ጠብታ ከተንጠለጠለና ቆርቆሮው በሰፊው ከረጠበ ላብ ነው። ቀዳዳ የሚያረጥበው የተወሰነ ቦታ ነው፣ ያውም ሲዘንብ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የመታጠቢያ ቤት ፋን ቱቦ ኮርኒስ ውስጥ ሲቀር ነው። ያ ሁሉ የሻወር እንፋሎት ቀጥታ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ወጥ ቤቱም ያው ነው፤ እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣውን እንፋሎት አስቡት። ቱቦው ጣራውን ወይም ግድግዳውን አልፎ ውጭ መድረስ አለበት።

ሌላው ቅዝቃዜ እንዲከላከል ኮርኒሱ ላይ የሚነጠፈውን ፋይበር ግላስ (እንደ ጥጥ ያለ የመስታወት ክር) ቆርቆሮው ድረስ መጠቅጠቅ ነው። ብዙ የገባ ይመስላል እንጂ ቅዝቃዜ የሚከላከለው በውስጡ የታቆረው አየር ነው፤ ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣል። ከቆርቆሮው በታች ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። ያ ክፍተት የሚጠቅመው ግን አየር ከታችኛው የጣራ ጠርዝ ገብቶ ኮልሞው (የጣራው አናት ላይ ያለው መክደኛ) ጋ ሲወጣ ነው። ሁለቱን ጫፍ በፋሻ (በጠርዙ ላይ በሚመታው ጣውላ) እና በፎም ድፍን አድርጎ ዘግቶ ጣራው እንዲደርቅ መጠበቅ አይቻልም። ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ይበቃል።

የቤቱ እርጥበት ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚነጠፈው ላስቲክ ቦታም ይሳሳታል። ደጋ ላይ ላስቲክ የሚነጠፈው ከፋይበር ግላሱ በታች፣ በክፍሉ በኩል ነው። ከላይ ከሆነ እርጥበቱን ፋይበር ግላሱ ውስጥ ያስቀረዋል። መጋጠሚያው ተደራርቦ በፕላስተር ይለጠፍ፤ የመብራት ቀዳዳዎቹም ይደፈኑ፣ ሞቃት አየር የሚሾልከው በነሱ ነው። እንደ ጅቡቲ ባለ ወበቃማ አገር፣ ኤሲ ሌት ተቀን በሚሠራበት ቤት ግን እርጥበቱ የሚገፋው ከውጭ ወደ ውስጥ ነውና ይህን አሠራር እንዳለ አትውሰዱ።

ሙቀት እንዲመልስ የሚደረገው የሚያብረቀርቅ ፎይልም ቆርቆሮው ላይ ከተለጠፈ ብዙም አይሠራም፤ ፊቱ ክፍት አየር ይፈልጋል።

በመጨረሻ፣ አትቸኩሉ። አዲስ ልስንና እርጥብ ባሕር ዛፍ ለወራት ውሃ ያወጣሉ። ልስኑ ሳይደርቅ ቺፕውድ ከተመታ ያብጣል፣ ይጎብጣል። መስኮቱን ከፍታችሁ ቤቱ ይድረቅ፣ ኮርኒሱ ከዚያ በኋላ ይመታ።