ስላይዱ ላይ ያየነው ከአንጎሉ ነው ወይስ ከላብራቶሪው?

ዕድሜ ሲገፋ አንጎል ውስጥ ብረትና ካልሲየም ይጠራቀማል። ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሆልግሬንና ሱራንደር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት፣ ግሎበስ ፓሊደስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በ100 ግራም 21 ሚሊግራም ያህል ብረት አግኝተዋል። ስለዚህ በአዛውንት አንጎል ስላይድ (መስታወት ላይ ተለጥፎ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ ቁራጭ) ላይ ብረት ማየት የሚጠበቅ ነው። ችግሩ ላብራቶሪው ራሱ የሚጨምረውም የሚያጠፋውም መኖሩ ነው።

ሰማያዊ ነጥብ በየቦታው፣ ባዶው መስታወት ላይ ሳይቀር ታየ?
ብረትን የሚያሳየው የፐርልስ ቀለም ያገኘውን ፌሪክ (Fe³⁺) ብረት ሰማያዊ ያደርጋል፤ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። የቧንቧ ውሃና የዛገ መቆንጠጫ ይበቃሉ። በተጣራ ውሃ እጠቡ፣ በፕላስቲክ መቆንጠጫ ያዙ። ፖታሲየም ፌሮሲያናይዱንና ሃይድሮክሎሪክ አሲዱን ልትጠቀሙ ስትሉ ቀላቅሉ እንጂ አታሳድሩ።

ጭራሽ ሰማያዊ ጠፋ?
መጀመሪያ ብረት እንዳለው የታወቀ ስላይድ አብራችሁ ቀቡ። እሱ ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ ደህና ነው። ያኔ ናሙናው ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ) ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ ጠይቁ። ለዓመታት ከቆየ፣ በተለይ ፎርማሊኑ አሲዳማ ከሆነ፣ ብረቱ ቀስ እያለ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። የወጣውን መመለስ አይቻልም። ይሄ ያሳዝነኛል፤ የአንድ ሰው አንጎል ነውና ሁለተኛ አይገኝም። ከመነሻው ፒኤች 7 አካባቢ የሆነ (አሲዳማ ያልሆነ) ፎርማሊን ተጠቀሙ፣ ቆይታውንም አሳጥሩ።

ክብ ክብ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነገር ታየ?
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ቀለም ካልሲየም ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ኮርፖራ አሚላሲያ ነው፤ ከዕድሜ ጋር የሚበዛ፣ በዋናነት ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ እንክብል። በአንጎል ሽፋን ሥርና በፈሳሽ ክፍተቶቹ ዙሪያ ይበዛል። የስኳር ሰንሰለትን የሚያሳየው ፒኤኤስ ቀለም ደማቅ ሐምራዊ ቀይ ያደርገዋል። ካልሲየም ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቮን ኮሳ የሚባለውን ቀለም ቀቡ፤ ይጠቁራል። ግን ቮን ኮሳ የሚያየው ፎስፌትንና ካርቦኔትን እንጂ ካልሲየሙን ራሱን አይደለም። ካልሲየሙን ራሱን የሚይዘው አሊዛሪን ሬድ ቀለምም ቀይ ካላደረገው ሪፖርቱ ላይ «ካልሲየም» ብላችሁ አትጻፉ።

ቡናማ ጥቁር ብናኝ?
አሲዳማ ፎርማሊን ከደም ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ሊሆን ይችላል። በፖላራይዝድ ብርሃን ያበራል። ፒክሪክ አሲድ በሞላበት አልኮል ይለቃል። ፒክሪክ አሲድ ሲደርቅ ሊፈነዳ ስለሚችል ሁልጊዜ እርጥብ ይቀመጥ። ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው የአንጎል ክፍል፣ በነርቭ ሴሉ ውስጥ የሚታየው ቡናማ ግን ጤነኛ ኒውሮሜላኒን (የሴሉ የራሱ ቀለም) ነው፤ አትንኩት።

ቁራጩ በመስመር ተሰነጠቀ?
ምላጩ ጠንካራ የካልሲየም ክምችት ገጭቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ብሎኩን (ናሙናው የተቀበረበትን የሰም ጡብ) በአሲድ ማለስለስ ይቀናዋል። እንዳታደርጉት፤ የምትፈልጉትን ራሱን ታሟሙታላችሁ። ብሎኩን በበረዶ አቀዝቅዙት፣ ያልተነካ የምላጭ ጠርዝ አምጡ፣ በዝግታ ቁረጡ።