የሚያስቆጣ አምድ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከጂሚ ብረስሊን ሕይወት

ዛሬ በየፌስቡኩና በየቴሌግራሙ የሚያስቆጣ ጽሑፍ ሞልቷል። ሰው ያስቆጣ ሁሉ ደግሞ ደፋር ይባላል። ይህን ስሰማ የኒውዮርኩ አምደኛ ጂሚ ብረስሊን ትዝ ይለኛል። ከከተማዋ ክፍሎች አንዱ በሆነው ኩዊንስ ተወልዶ ያደገ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱ ጥሏቸው ሄደ። ሲጽፍ ለባለሥልጣንም ለፖሊስም አይመለስም ነበር። በፈረንጆቹ 2017 በ88 ዓመቱ አረፈ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም የፈረንጆቹ ናቸው)። በጣም እወደዋለሁ። ያበላሸውንም ጭምር የማነሳው ለዚህ ነው።

ሰው ሁሉ ወደሮጠበት መሮጥ

ኅዳር 1963፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገድለው ዓለም ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቧል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት እነ ደጎል አሉ፣ የኛም ጃንሆይ አሉ። ጋዜጠኛው በሙሉ ዓይኑን የጣለው እነሱ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ለሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ ይሠራ የነበረው ብረስሊን ግን መቃብሩን የቆፈረውን ሰው ፈለገ።

ክሊፍተን ፖላርድ ይባላል። እሁድ ጠዋት ለሥራ እንደሚጠሩት ስለገመተ ቱታውን ለብሶ ነው ቁርስ የቀረበው። ሚስቱ እንቁላል ሠርታለታለች። ቁርሱን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። ደመወዙ በሰዓት 3 ዶላር ከ1 ሳንቲም ነበር። አፈሩ ጥሩ ነውና ትንሽ ላስቀር አለ፤ የመቆፈሪያው ማሽን ሣሩ ላይ የተወውን ጎድጓዳ ሞልቶ ሣር ሊያበቅልበት ፈልጎ። ሰኞ ነገሥታቱና ፕሬዚዳንቶቹ መቃብሩ አጠገብ ሲቆሙ፣ ፖላርድ እዚያው አርሊንግተን መካነ መቃብር በሌላ በኩል ሌላ መቃብር እየቆፈረ ነበር።

አንባቢው ሳያለቅስ እኛ ማልቀስ

ያንን አምድ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «ልብ የሚሰብር» የሚል ነገር የለበትም። ያለው እንቁላል፣ ቱታና አፈር ነው። እኛ ብንሆን ገና በመጀመሪያው መስመር «እጅግ አሳዛኝ» ብለን እንገባ ነበር። ቃሉን እንተወውና ሰውየው ምን እንደበላ እንጻፍ።

ከወንበር ሳይነሱ መቆጣት

ብረስሊን ደረጃ የሚወጣ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር። በ1980 ጆን ሌነን ሲገደል ማታውኑ ከቤቱ ወጥቶ፣ ዘፋኙን በመኪናቸው ሆስፒታል ያደረሱትን ፖሊሶች አገኘና ታሪኩን በእነሱ ዓይን ጻፈው። በ1985 በኩዊንስ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አንድ ወጣት በኤሌክትሪክ መሣሪያ መሰቃየቱን ለአደባባይ አበቃ። በነገሩ የተከሰሱ ፖሊሶችም ተፈርዶባቸዋል። ኤድስ ሁሉንም ባስፈራበት በዚያው ዓመት የአንድ ታማሚን ኑሮ አጠገቡ ሆኖ ጻፈ። የ1986ቱን ፑሊትዘር የተባለ የአሜሪካ ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት ያገኘው በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ነው። ንዴቱ ከእግሩ ነበር የሚመጣው። መረጃ ሳይኖር የሚጻፍ ንዴት ግን ጩኸት ነው።

ክፉ ሰው ማግነን

በ1977 ኒውዮርክን ያሸበረው ነፍሰ ገዳይ ለብረስሊን በእጁ ደብዳቤ ጻፈለት። ፖሊስ ካየው በኋላ ያኔ ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ ዴይሊ ኒውስ አወጣው፤ ብረስሊንም እጅህን ስጥ ብሎ ለመነው። በዚያ ቀን ጋዜጣው ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ብዙዎች ገዳዩን አገነናችሁት ብለው ወቀሱ። ደብዳቤው መውጣቱን እኔ አልቃወምም። ግን የገዳዩን ቅጽል ስም ዓለም እስከ ዛሬ ያውቀዋል፤ የገደላቸውን 6 ሰዎች ስም የሚያስታውስ ስንት ነው? እንዲህ ያለ ነገር እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የሟቾቹን ስም እንጻፍ።

እየጻፉ ለሥልጣን መወዳደር

በ1969 ደራሲው ኖርማን ሜይለር ለኒውዮርክ ከንቲባነት ሲወዳደር ብረስሊን አብሮት ለከተማው ምክር ቤት ፕሬዚዳንትነት ቀረበ። ኒውዮርክ ከተማን 51ኛ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት እናደርጋለን አሉ። ተሸነፉ። እንኳንም ተሸነፉ እላለሁ፤ ቢያሸንፍ ማን ይጽፍበት ነበር?

ስድብን ድፍረት ማለት

ይሄኛው ያመኛል። በ1990 ኒውስዴይ የተባለ ጋዜጣ ላይ ሲሠራ፣ አንዲት የኮሪያ ዝርያ ያላት ወጣት ባልደረባው አንዱ አምዱ ሴቶችን ዝቅ የሚያደርግ ነው ብላ ጻፈችለት። እሱ ባልደረቦቹ ሁሉ በሚሰሙበት የዜና ክፍል ውስጥ በዘሯም በሴትነቷም ሰደባት። ይቅርታ ጠየቀ። ግን ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ በነገሩ ቀለደ። ይቅርታው እዚያው ፈረሰ፤ ጋዜጣውም ለ2 ሳምንት ከሥራ አገደው።

ተቆጥቶ ነበር፣ አመሉ ነው፣ የሚሉለት አሉ። እኔ አልልም። ከንቲባን መሳደብ አንድ ነገር ነው፤ ከንቲባ መልስ የሚሰጥበት ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ፣ ፖሊስ አለው። እሷ የነበራት ያቺ የጻፈችለት መልእክት ናት። የመቃብር ቆፋሪውን ቁርስ ያስተዋለ ሰው፣ በዚያች ቀን የገዛ ባልደረባውን ሊያያት አልቻለም።