ያልተጠበቀ ከቨር ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን ስቱዲዮ የሚመጣው ልጅ ሁሉ ከቨር፣ ማለትም የሌላ ሰው የታወቀ የድሮ ዘፈን፣ ማንም ባልጠበቀው መንገድ መሥራት ይፈልጋል። ፍላጎቱን እወደዋለሁ። እኔም ደጋግሜ የምሰማቸው ከቨሮች መጀመሪያ ያስደነገጡኝ ናቸው። ግን አንዳንድ ስህተት ማየት ሰልችቶኛል። ድምፅ ስለማሞቅና ማይክ ስለመያዝ አልናገርም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

ማዘግየትን ብቻ እንደ አዲስ ሥራ መቁጠር

ፈጣኑን ዘፈን ማዘግየት፣ ከሥሩ ፒያኖ ማድረግ፣ በሹክሹክታ መዝፈን። በቃ፣ ይሄ ማንንም አያስደንቅም። ከማዘግየታችሁ በፊት ሲዘገይ ምን አዲስ ነገር እንደሚሰማ ንገሩኝ።

ጆኒ ካሽ እ.ኤ.አ. በ2002 «ኸርት»ን ሲያወጣ 70 ዓመቱ ነበር። ዘፈኑን ትሬንት ሬዝነር ናይን ኢንች ኔይልስ በተባለው የሮክ ባንዱ በ1994 ያወጣው ነው፤ ራሱን የሚጎዳ ወጣት ዘፈን ነበር። ካሽ ዜማውን ብዙ አልነካውም። ከግጥሙ አንዲት ነውረኛ ቃል አውጥቶ ግጥሙ ውስጥ ያለውን አክሊል «የእሾህ አክሊል» አደረገው፤ አማኝ ሰው ነበርና። ያው ዘፈን ግን ዕድሜውን ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ ሽማግሌ ዘፈን ሆነ። ለውጡ የመጣው ከፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ከዘፋኙ ሕይወት ነው።

ከእኛ ዘንድ ደግሞ ጌታቸው ካሳ «ትዝታ»ን በዝግታም በፈጣንም ተጫውቶታል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። በፈጣኑም ናፍቆቱ አልጠፋም።

ቅኝቱን በኮርድ መስበር

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ልጁ በአምባሰል ቅኝት የተሠራ ዘፈን ይዞ ይመጣል። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛው ገና ሳይሰማ የሲ ማይነርን ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆችን፣ ይጫናል። ቀጥሎ ቢ ፍላት። ቀጥሎ ኢ ፍላት። ደስ የሚል ይመስላል፤ የፊልም ሙዚቃ ይመስላል። አምባሰሉ ግን የለም።

ለምን? አምባሰልን ከሲ ብንጀምረው ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። ኢ የለም፣ ኢ ፍላትም የለም። የሲን ኮርድ ሜጀር (ደስ ያለው) ወይም ማይነር (ያዘነ) የሚያደርገው ደግሞ ይሄው የሌለው ድምፅ ነው። አምባሰል ይዘን ወይም ይደሰት ሳይቆርጥ እንደ ተንጠለጠለ ይቆያል፤ ኃይሉም እዚያ ላይ ነው። እናንተ ሲ ማይነርን ስትጫኑ ለዘፋኙም ለሰሚውም ቆረጣችሁለት።

አንቺሆዬ ቅኝት ላይማ ጉዳቱ ይብሳል። ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ነው። ጂ የለውም። የሮክ ጊታር ፓወር ኮርድ ግን ሲ እና ጂ ነው። «ሮክ እናድርገው» ብላችሁ ጊታሩን ስትመቱ ጂ እና ጂ ፍላት ይጋጫሉ። ዘፋኙ ሳይታወቀው ድምፁን ወደ ጂ ይጎትታል፣ አንቺሆዬን አንቺሆዬ ያደረገው ድምፅም ይጠፋል። እባካችሁ ይሄን ተዉ!

አንድ ጊዜ ድምፅዋ የሚያስቀና ልጅ አምባሰል እየዘፈነች ደጋግማ ከቅኝት ወጣች። ደነገጠች። «ድምፄ ዛሬ እምቢ አለኝ» ስትል እንባዋ መጣ። ድምፅዋ ምንም አልሆነም ነበር። ኪቦርዱን አስጠፋሁት፤ ቤዝ ጊታሩ ሲን ብቻ ይዞ እንዲቆይ አደረግሁ። የሚቀጥለው ቀረጻ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበረች። ያን ቀን ያናደደኝ ባንዱ ነው። ልጅቷ ስትቸገር ማንም ቀና ብሎ የሚጫወተውን ኮርድ አልጠየቀም።

ኮርድ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን የሠራው አምስቱን የእኛን ድምፆች ከምዕራቡ አሥራ ሁለት ድምፅ ጋር አጋጥሞ ነው። ግን የትኛው ድምፅ የዜማው፣ የትኛው የአጃቢው እንደሆነ ያውቃል። የአምስተርዳሙን የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስንም ስሙ። ከጌታቸው መኩሪያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አወጡ። ጊታሮቹ ይጮኻሉ፣ ይፋጫሉ፤ ሳክስፎኑ ግን ሽለላውን አይለቅም። ጌታቸው ራሱ እኮ ሽለላና ፉከራን ከጀግና ጉሮሮ አንሥቶ ቴነር ሳክስፎን ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ያልተጠበቀ ነገር ከየት ይመጣል? ይህን ማድረግ የቻለው ግን ሽለላውን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘፈኑን ያለ ምንም መሣሪያ ዝፈኑት። ከዚያ በክራር ወይም በአንድ የቤዝ ድምፅ ብቻ። ኮርድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በየኮርዱም ከቅኝቱ ውጪ የሆነውን ድምፅ ለዩ።

ችክችካን በግድ አራት በአራት ማድረግ

የእኛ ምት ችክችካ ስድስት በስምንት ነው፤ ቃሉ ረዘም አጠር እያለ ይወርዳል። የተዘጋጀ የሬጌ ወይም የአፍሮቢት ሎፕ (ራሱን የሚደጋግም ምት) ላይ ስትጭኑት ቃላቱ እኩል ይከታተፋሉ። ምቱን መቀየር ከፈለጋችሁ ግጥሙን በአዲሱ ምት በንባብ ሞክሩት። ሲነበብ የሚሰናከለው መስመር ሲዘፈንም ይሰናከላል። የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» የመሣሪያ ሙዚቃ ስለሆነ ከዚህ ችግር ነፃ ነው። የብሩክሊን ሙዚቀኞች ዘ ዳክታሪስ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1998 በአፍሮቢት ሲሠሩት ዜማውን ወዲያው ትለዩታላችሁ።

ጾታውን ቀይሮ የግጥሙን ቤት መርሳት

ኦቲስ ሬዲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው «ሪስፔክት» ወደ ቤቱ የሚገባ ባል ክብር የሚጠይቅበት ዘፈን ነበር። አሪታ ፍራንክሊን በ1967 በሚስት አፍ አደረገችው። «ሪስፔክት» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል እየጠራች የምትዘፍንበት ቦታ የኦቲስ ዘፈን ውስጥ የለም፤ የእሷ ጭማሪ ነው። ጠያቂዋ ስትቀየር ዘፈኑም ተቀየረ።

በአማርኛ ሥራው ይከብዳል። ጾታው ያለው ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቤት የሚመታውም እዚያው ነው። አንዱ መስመር «አለሽ» ብሎ፣ ሌላው «አመሻሽ» ብሎ ቢያልቅ ቤት ይመታል። «አለሽ»ን «አለህ» ካላችሁት «አመሻሽ» ብቻውን ይቀራል። ሁለቱንም መስመር እንደ አዲስ ጻፉ፣ ወይም እንዳለ ዝፈኑት። ሴት ልጅ «አንቺ» ብላ ብትዘፍን ማንም ግራ አይጋባም።

የዘፋኙን ድምፅ ማስመሰል

ጥላሁንን የሚፈልግ ሰው ጥላሁንን ይከፍታል።

ባለቤቱን ሳይጠይቁ መልቀቅ

የእኛ ካሴቶች ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ እና ቅንብር ለየብቻ ይጻፋሉ። ሦስቱም ሰው አላቸው። እናንተ የዘፋኙን ስም ብቻ ጽፋችሁ ትለቃላችሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ደራሲው የታወቀውን ዘፈን «የሕዝብ ዜማ» የሚለው ነው።

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ለውጦ ለማቅረብ የመፍቀድ መብት የደራሲው ነው። ደራሲው ካረፈ በኋላም መብቱ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ቤተሰቡን ፈልጉ። ያልተጠበቀ ቅንብር ከሆነማ ፈቃድ ስትጠይቁ ማሳያውን ይዛችሁ ሂዱና አሰሟቸው። ሲሰሙ ደስ የሚላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዴም ካሴቱ ላይ ያልገባ ስንኝ ከእነሱ ታገኛላችሁ።