የፒዞ ሴንሰር ሞዴል ሬዞናንስ አጠገብ ሲዋሽ

ፒዞ ሴንሰር ንዝረትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ሴራሚክ ነው፤ ሬዞናንሱ ደግሞ በጣም የሚንቀጠቀጥበት ድግግሞሽ። ሲሙሌሽኑ እዚያ ስለታም ጫፍ ያሳያል። ኦሲሎስኮፑ ላይ ያለው ግን ዝቅ ያለ፣ የተንሰራፋ፣ ቦታውን የለቀቀ ጉብታ ነው። አዳማ ባለችው ጠባብ ሱቄ በብዛት የሚመጣልኝ ቅሬታ ይህ ነው።

ሞዴሉ ጥፋት የለበትም። ሴንሰሩን በኤሌክትሪክ ክፍሎች በሚወክለው የባተርወርዝ–ቫን ዳይክ አቻ ሰርኪዩት ሲ0 የተባለው ካፓሲተር ብቻውን ይቆማል፤ ከእሱ ጋር በትይዩ የኤል1 (ኢንዳክተር)፣ ሲ1 (ካፓሲተር) እና አር1 (ሬዚስተር) ተከታታይ ቅርንጫፍ አለ። ቅርንጫፉ ንዝረቱ ራሱ ነው፤ አር1 ደግሞ የሚባክነው ኃይል። ስለዚህ ሴንሰሩን የነካ ሁሉ ቅርንጫፉን ይነካል። አንድ ተማሪ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጨብጦ እየለካ «ሴንሰሩ የማይረባ ነው» ሲለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በስስ ሽቦ አንጠልጥለን ብንለካው ጫፉ ተመለሰ።

የባሰው የውኃ ታንከር ልኬት የሠራው ልጅ ነው። ሴንሰሩን በትኩስ ሙጫ ለጥፎ ጠዋት ለካ፤ ሠራለት። ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙጫው ሲለሰልስ ሬዞናንሱ ሸሸ። ትኩስ ሙጫ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ! ስንቴ ልናገር?

መፍትሄው ሴንሰሩን በሚሠራበት ማቀፊያ ውስጥ፣ በሚሠራበት ሙቀት መለካት ነው። በሲግናል ጀነሬተሩና በሴንሰሩ መካከል 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ፤ ድግግሞሹን ቀስ ብላችሁ አሳድጉ። የሬዚስተሩ ቮልቴጅ ከፍ የሚልበት ተከታታይ ሬዞናንስ፣ የሚወርድበት ትይዩ ሬዞናንስ ነው። 40 እና 41.6 ኪሎኸርዝ አገኛችሁ እንበል፤ 1 ኪሎኸርዝ ላይ የተለካው ካፓሲታንስ ደግሞ 2.2 ናኖፋራድ ይሁን። ይህን ቁጥር ሲ0 ብሎ የሚያስገባ ብዙ ነው። ስሕተት ነው፤ የሲ0 እና የሲ1 ድምር ነው። የ41.6 ለ40 ንጽጽር ካሬው 1.0816 ነው፤ 2.2ን ለእሱ ስታካፍሉ ሲ0 2.03 ናኖፋራድ ይሆናል፤ ቀሪው 166 ፒኮፋራድ ሲ1 ነው። ከ40 ኪሎኸርዝና ከሲ1 ኤል1 ወደ 95 ሚሊሄንሪ ይወጣል።

አር1ን ከጫፉ ስፋት አውጡ። ቮልቴጁ ወደ ጫፉ 0.707 እጥፍ በሚወርድባቸው ሁለት ነጥቦች መካከል 1,080 ኸርዝ ካለ፣ በ2ፓይ እና በኤል1 ሲባዛ ወደ 650 ኦም ይሆናል። ከዚህ የሬዚስተሩን 100 እና የጀነሬተሩን የውስጥ 50 ኦም ቀንሱ፤ አር1 ወደ 500 ኦም፣ የሴንሰሩ የራሱ ጫፍ ስፋትም ወደ 800 ኸርዝ ይሆናል፤ ካልቀነሳችሁ የራሳችሁን መሣሪያ ጥፋት በሴንሰሩ ላይ ትለጥፋላችሁ። የጀነሬተሩን ቮልቴጅም ዝቅ አድርጉ፤ ሲበዛ ሬዞናንሱ ራሱ ይንሸራተታል።

ትይዩው ሬዞናንስ ብቻ ከወረደ ኬብሉን ጠርጥሩ፤ ኮአክሲያል ኬብል በሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ ሲ0 ላይ ይጨምራል።

ካፓሲታንሱ እያለ ሬዞናንሱ ጨርሶ ከጠፋ ሴራሚኩ በብየዳ ሙቀት ፖላራይዜሽኑን (ፒዞ የሚያደርገውን የውስጥ አሰላለፍ) አጥቶ ይሆናል፤ ቀይሩት።

ሴንሰሩን የሚገፋውን ኃይል የሚወክለውን የቮልቴጅ ምንጭ በተከታታዩ ቅርንጫፍ ውስጥ አስገቡ። ከሲ0 ጎን የሚቆም ምንጭ የሚያገለግለው ከሬዞናንስ በጣም በታች ብቻ ነው።

የሲሙሌሽኑን የድግግሞሽ እርምጃ 1 ኪሎኸርዝ አድርጎ «ጫፉ ጠፋ» ብሎ የሚደውል ሰው ደግሞ አለ። 800 ኸርዝ ስፋት ያለውን ጫፍ ዘሎት ነው ያለፈው፤ 10 ኸርዝ ያድርገው።