የላላ የበር ብሎን በስቴኪኒ ይጠብቃል

የበር ማጠፊያ ብሎን ብታዞሩት ብታዞሩት አልጠብቅ ካለ ካቻቢቴውን አስቀምጡት። ችግሩ ብሎኑ ሳይሆን ቀዳዳው ነው። የብሎኑ ጥርስ እንጨቱን በልቶ ስላሰፋው የሚነክሰው ነገር አጥቷል። ለዚህች ደግሞ አናጺ አይጠራም፤ በተለይ እንደኛ ባልና ሚስት ጡረታ ወጥታችሁ እቤት ከዋላችሁ።

ብሎኑን አውጡ። ሁለት ሦስት የእንጨት ስቴኪኒ የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ ቀዳዳው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ክተቱ። ስቴኪኒ ከሌለ ጫፉ የተቆረጠ የክብሪት እንጨት ይሆናል። ትርፉን ከበሩ ጋር እኩል ቁረጡት። ኮላው እስኪደርቅ፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ፣ ተዉት። ከዚያ ያንኑ ብሎን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ መልሱ። ድሪል ይቅርባችሁ፣ የሞላችሁትን መልሶ ይፈረፍረዋል። መጨረሻው ላይ ካቻቢቴው እጃችሁ ላይ ከበድ ይላል፤ ነከሰ ማለት ነው።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ስቴኪኒውም እንጨት ነው፣ ኮላው ከዙሪያው ጋር አንድ ያደርገዋል። ብሎኑ ሲገባ ደግሞ ወደ ጎን ስለሚገፋው ይበልጥ ይጨናነቃል።

ብሎኖቹን ተራ በተራ እንጂ ባንዴ አትፍቱ፣ በሩ እግር ላይ ይወድቃል። በእኛ ቤት ባለቤቴ ከበሩ ሥር ሽብልቅ ሳታስገባ ካቻቢቴ አታስነካኝም።

እንጨቱ ከበሰበሰ ወይም ከተሰነጠቀ ግን አትልፉ፣ አይዝም። ለግንብም አይሆንም፤ ግንብ ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ብሎን መያዣ) ነው የሚፈልገው።